መግሪብ የሌለው ረሃብ



ረመዷን ሲመጣ «የምንጾመው የድሆች ረሃብ እንዲገባን ጭምር ነው» ይባላል። እኔም መድረሳ ውስጥ ለልጆች ስንት ጊዜ ብያለሁ። አሁን ግን ይከብደኛል።

እናቴ የ1977ቱን ድርቅ ወሎ ሆና ያሳለፈች ናት። አሜሪካ ከመጣን ከዓመታት በኋላም ደረቅ ዳቦ በፌስታል ጠቅልላ ትራሷ ሥር ታስቀምጥ ነበር። እንግዳ ፊት ሳህኗን በጣቷ ጠርጋ ስትልስ አፍር ነበር። (ጣት መላስ ሱንና መሆኑን ያኔ ማን አስታውሶኝ!) አንድ ቀን «እማዬ፣ ፍሪጁ እኮ ሙሉ ነው፤ ተወኩልሽ የታለ?» አልኳት። ዝም አለችኝ።

ቆይቼ እዚሁ ሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለተካሄደ ጥናት አነበብኩ። አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣቶችን መረጠ፤ ሕሊናችን አይፈቅድም ብለው ጦር ሜዳ ያልሄዱ፣ በዓላማቸው የጸኑ ፈቃደኞች። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1945 ጀምሮ ለ24 ሳምንታት ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰ። ክብደታቸው ሩብ ያህል ወረደ። በበጋ ይበርዳቸው ነበር። ሳህን ይልሱ፣ በትንሽ ነገር ይቆጡ፣ ከሰው ይሸሹ ጀመር። አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ነበር። ቃላቸውን አፍርሰው ተደብቀው የበሉም ነበሩ። ምግብ ከተመለሰላቸው በኋላ እንኳ ቶሎ አልጠገቡም።

እነዚህ ሰዎች ሐኪም አጠገባቸው ነበር፤ የሚያበቃበትን ቀንም ያውቁ ነበር። እኛ ጾመኞች ደግሞ መግሪብን በደቂቃ እናውቃለን። እናቴ የምታውቀው ቀን አልነበረም።

ጾም በኒያ ነው፤ መርጠን እንራባለን። ያኛው ረሃብ ግን የሚመርጠውን ልብ ራሱን ይበላል። ታዲያ የተራበ ሰው ሲሰስት፣ ሲቆጣ፣ ሲደብቅ ጠባዩ ነው ብለን እንፍረድበት? ብዙ የጾሙት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከረሃብ በአላህ ይጠበቁ እንደነበር በሐዲስ መጥቷል። ኸሊፋው ዑመርም (ረ.ዐ) በረሃቡ ዓመት የሌባን እጅ መቁረጥ እንዳቆሙ ይወራል። ሌብነት ሐላል ሆኖ አይደለም፤ ሆዱ ያስገደደውን ሰው ከሌባ ለይተው ስላዩ ይመስለኛል። እኔ ግን እናቴን በኢማኗ ጠየቅኋት።

ባለፈው ረመዷን ከኢፍጧር በኋላ ሁለት ቴምር በናፕኪን ጠቅልላ ኪሷ ስትከት አየኋት። ሦስተኛውን አቀበልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ተቀበለችኝ።