ደግሞ የሚጠይቀንን ስለ መታገሥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ አንድ ሰው ያንኑ ጥያቄ ሦስትና አራት ጊዜ መላልሶ ሲጠይቀን ልንታገሠው ግዴታ አለብንን? ወይስ ትዕግሥት ለወደድነው ብቻ የምንቸረው ስጦታ ነው?

ይህ ነገር በመካከላችን የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠና በኢትዮጵያና በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ትብብር ከተጀመረ ወዲህ፣ ብዙ ወጣቶች የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ለመማር ተነሥተዋል። ትምህርቱ በኢንተርኔት የሚሰጥ ስለሆነ፣ ተማሪው ሲቸገር እጁን አውጥቶ የሚጠይቀው መምህር ከፊቱ የለም። ስለዚህ ቀድሞት የጀመረውን ጓደኛውን ይጠይቃል፤ በማግሥቱም ያንኑ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ከአፋችን ቶሎ የምትወጣው ቃል «ትናንት ነግሬህ የለም?» የምትለው ናት።

ይህች ቃል የትናንቱና የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው ብላ ትፈርዳለች። እስቲ በከተማችን የሚታየውን እናስተውል። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ የሚወስደው መንገድ «መኪና ግርግር» መባሉ ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ የተነሣ ነው ይባላል። ለስፌት አዲስ የሆነ ልጅ «ክሩ ለምን ይበጠሳል?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል። ምክንያቱ አንድ ቀን የመርፌው መጣመም፣ ሌላ ቀን የክሩ ከመጠን በላይ መወጠር፣ ሌላም ቀን ክሩ በመንገዱ አለመግባቱ ሊሆን ይችላል። የጥያቄው ቃል አንድ ነው፤ መሰናክሉ ግን ሦስት ነው። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ጎንበስ ብሎ መኪናውን ያያል እንጂ የትናንቱን መልስ አይደግምም።

የፕሮግራም ትምህርትም እንዲሁ ነው። «ለምን እምቢ አለኝ?» ከሚለው ጥያቄ በስተጀርባ ዛሬ ያልተዘጋ ቅንፍ፣ ነገ የተረሳ የጥቅስ ምልክት ይኖራል። ከዚህም የሚከብድ አለ። በሒሳብ ክፍል «=» የእኩልነት ምልክት መሆኑን የተማረ ልጅ «ሀ = ሀ + 1» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ግራ ይጋባል፤ አንድ ቁጥር አንድ ተጨምሮበት ከራሱ ጋር እኩል ሊሆን አይችልምና። በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ግን ይህ ምልክት «በስተቀኝ ያለውን አስልተህ ሀ በተባለው ስፍራ አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ ነው። ልጁ ሦስት ጊዜ ቢጠይቅ ስለ ሰነፈ አይደለም፤ የቀድሞውን ትምህርት አጥብቆ ስለ ያዘ ነው። መልሳችን ይህን ካልነካለት፣ መቶ ጊዜ ብንደግመውም አልመለስንለትም።

ቅዱስ ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ እንዴት እንዳስተማረው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ተጽፎልናል። ያ ታላቅ ሹም የሚያነበውን እንዳላስተዋለ ለመናገር አላፈረም። ፊልጶስም በሠረገላው ላይ ከጎኑ ተቀምጦ፣ ጠያቂው ከደረሰበት ስፍራ ጀመረለት። እኛም «ምን ይሆናል ብለህ ነበር? ምንስ ሆነ?» ብለን ብንጀምር ወንድማችን የቆመበትን ስፍራ እናገኘዋለን።

«ሁልጊዜ የሚመለስለት ሰው ሰነፍ ይሆናል» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ሰው የሚሰንፈው በትዕግሥታችን ሳይሆን በችኮላችን ነው። የቁልፍ ሰሌዳውን ተቀብሎ ሁሉን የሚጽፍለት ሰው ታጋሽ ይመስላል እንጂ ቶሎ መገላገል የፈለገ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ ተማሪው ሲሳሳት አርመው፣ ያንኑ ቃል በራሱ አንደበት ያስደግሙታል።

ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ሺህ ጊዜ ቢጠይቁት ሳይሰለች የሚመልስ ኮምፒዩተርም አለ። ይጠቅማል፤ ነገር ግን አለመሰልቸቱ ትዕግሥት አይባልም፤ አይደክመውምና። ትዕግሥት ደክሞት ሳለ ለወንድሙ ጊዜውን የሚሰጥ ሰው ምግባር ነው። አቅም ያነሰው «አሁን አልቻልኩም፤ ከመዝሙር ጥናት በኋላ እንየው» ቢል ነውር የለበትም። ነውሩ ጠያቂውን በሰው ፊት ማሳፈር ነው፤ ያፈረ ሰው ዳግመኛ አይጠይቅም፤ ያልገባውንም ገባኝ እያለ ይኖራልና።

እንግዲህ ትዕግሥት ግዴታ ነው ወይስ ስጦታ? ዕዳ ነው እንላለን። ከመካከላችን ሀ ሁን ያለ አስቆጣሪ የቆጠረ የለም፤ ያስቆጠረንም ሰው ያንኑ ፊደል ከእኛ በፊትም ከእኛ በኋላም ለብዙ ልጆች ደጋግሟል። ለእርሱ ልንከፍለው የማንችለውን ዛሬ ደግሞ ለሚጠይቀን እንክፈል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።