አንድ ቀዳዳ፣ ሁለት ተመልካች

 

እኔ የምኖረው ላንቻ ነው። የታክሲ ረዳቶች የሰፈሬን ስም ከንጋት እስከ ምሽት ሲጣሩበት ይውላሉ። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የከተማው ቀላል ባቡር በዚሁ ስም የሚጠራ ጣቢያ አለው። ለመሆኑ ላንቻ ምን ማለት ነው? ይህን ጥያቄ ለብዙ ሰው አቅርቤያለሁ። የአብዛኛው መልስ «ሰፈር ነዋ!» የሚል ነው።

ላንቻ የመኪና ፋብሪካ ስም ነው። ቪንቼንዞ ላንቻ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1906 በጣልያኗ ቶሪኖ ከተማ ያቋቋመው ሲሆን፣ የጭነት መኪናዎቹ ከወራሪው ጦር ጋር ወደ አገራችን መጥተዋል። ቃሉ በጣልያንኛ ጦር ማለት ነው፤ በፋብሪካው ዓርማ ላይም ባንዲራ የታሰረበት ጦር አለ። ባለጦሩ በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲሄድ ጦሩን እኛው ዘንድ ትቶት ሄደ ማለት ነው። ለገሃርም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ የባቡር ጣቢያው ማለት ነው። ካዛንቺስ ደግሞ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ ድርጅት ምህጻረ ስም የወጣ ነው። እነዚህን ቃላት በየቀኑ እንናገራቸዋለን፣ እንሳፈርባቸዋለን፣ እንቀጣጠርባቸዋለን። አንጠይቅባቸውም።

ይህን ያነሳሁት የሰፈር ታሪክ ለመተረክ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ጋሺያህ ሰዎች ግመል እንዴት እንደተፈጠረ፣ ሰማይ እንዴት ከፍ እንዳለ፣ ተራሮች እንዴት እንደቆሙ፣ ምድርም እንዴት እንደተዘረጋች ለምን እንደማያስተውሉ ይጠይቃል። ልብ በሉ! ግመል ለዐረቡ ብርቅ አልነበረም። ይቀመጥበታል፣ ወተቱን ይጠጣል፣ በጸጉሩ ድንኳኑን ይሠራል። እንዲያስተውል የታዘዘው ሩቅ ያለውን እንግዳ ነገር ሳይሆን የተቀመጠበትን ነው። የለመድነውን ነገር ያየነው ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን አጠገቡ ማለፋችን ብቻ ነው።

እንግዲህ የማወቅ ጉጉት ከአላህ የተሰጠ አማና ነው። ሱረቱል ኢስራእ ጆሮ፣ ዓይንና ልብ ሁሉም ተጠያቂ መሆናቸውን ይነግረናል። ታዲያ ዓይን የሚጠየቀው በምንድን ነው? ሐራም በማየት ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኔ ግን ሊያየው ሲገባ ስላላየውም ነገር ይመስለኛል።

በሶሒሕ ቡኻሪ ከሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ.) እንደተዘገበው፣ አንድ ሰው በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ቀዳዳ አጮልቆ ተመለከተ። እርሳቸው በእጃቸው በያዙት ማበጠሪያ ራሳቸውን እያከኩ ነበር። እያየኝ መሆኑን ባውቅ ኖሮ በዚሁ ዓይኑን እወጋው ነበር አሉ። ቤት ለመግባት ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገውም በዓይን ምክንያት መሆኑን አስረዱ። በንግግራቸው ለስላሳ በነበሩ ነብይ አንደበት ይህን ያህል ከባድ ቃል የወጣው በአንዲት ቀዳዳ ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በስራ ውስጥ ተወልዶ በ1040 ገደማ ካይሮ ውስጥ ያረፈው ኢብኑል ሃይሠም ጨለማ ቤት አዘጋጀ፤ ከቀዳዳው ፊት ለፊት በተለያየ ቦታ መብራቶች አኖረና ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ተከታተለ። አንዱን መብራት ሲጋርድ የእርሱ ብርሃን ብቻ ይጠፋል፤ ሲገልጠው ወደ ቦታው ይመለሳል። ብርሃን በቀጥታ እንደሚጓዝና በአንዲት ቀዳዳ ቢያልፍም እርስ በርሱ እንደማይደበላለቅ በዚህ አሳየ። ከእርሱ በፊት የነበሩ ታላላቅ ሊቃውንት ዓይን ጨረር እየላከ ያያል ይሉ ነበር። እርሱ ግን ብርሃን ከሚታየው ነገር ወደ ዓይን እንደሚመጣ በኪታቡል መናዚር አስረዳ። በዚያው ኪታብ ለልባችን የሚጠቅም ሌላም ነገር አለ። በአንድ አፍታ የሚደረገውን እይታና በተአሙል፣ ማለትም ዓይንን እያመላለሱ በማስተንተን የሚደረገውን ይለያል፤ የአንድ ነገር እውነተኛ መልክ የሚረጋገጠው በሁለተኛው ነው ይላል።

ሁለቱም ሰዎች በቀዳዳ ተመለከቱ። አንዱ የሰው ገመና ፈለገ፣ ሌላው የአላህን ሥራ።

በእኛ ሰፈር ቀዳዳ አይጠፋም። የቆርቆሮ ጣሪያ ምስማር የበሳው ቦታ አለው፤ በዚያ የገባ የፀሐይ ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ሆኖ ያርፋል። ቀዳዳው ሦስት ማዕዘንም ሆነ የተቀደደ፣ ትንሽ እስከሆነ ድረስ ብርሃኑ ክብ ነው። ለምን? የምናየው የቀዳዳውን ቅርጽ ሳይሆን የፀሐይን ምስል ስለሆነ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት በላሊበላ አካባቢ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ስትታይ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በከፊል ተሸፍና ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ በምስማር ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ክብነቱን ትቶ እንደ አዲስ ጨረቃ ማጭድ ይሆናል። ኢብኑል ሃይሠም ስለዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፏል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች ከልጁ ሞት ጋር አያያዙት። እርሳቸው ግን በሐዘናቸው መካከል ሆነው እንኳ ይህን አልተቀበሉም፤ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትና ሕይወት እንደማይጋረዱ፣ የአላህ ተአምራት እንደሆኑ ነግረው ወደ ሶላት አዘዙ። አጉል ወሬ በመስማትና በማስተዋል መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ በላይ እንዴት ይገለጻል?

ወደ ቤታችን እንመለስ። በላንቻና በቂርቆስ የቀበሌ ቤቶች ግድግዳ የምንጋራ ሰዎች ነን። ጎረቤት ማታ በስንት ሰዓት እንደገባች፣ ማን እንደሸኛት፣ ልጇ ለምን እንደተኳረፋት የሚያውቅ አይጠፋም። በዚያችው ቤት ምድጃ ከተለኮሰ ስንት ቀን እንደሆነው የሚያውቅ ግን ስንት ነው? ጎረቤቱ ተርቦ እርሱ ጠግቦ ስለሚያድር ሰው የተነገረውን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተናል። ይህ ሰው ምናልባት ክፉ አልነበረ ይሆናል፤ ዓይኑ በሌላው ቀዳዳ ላይ ነበርና የጎረቤቱ ረሃብ አልታየውም። ሱረቱል ሑጁራት ክፉ ጥርጣሬን፣ ተጀሱስን (ስለላን) እና ሐሜትን በአንድ አንቀጽ በዚሁ ቅደም ተከተል ይከለክላል። ቅደም ተከተሉ ያስገርመኛል። አስቀድሞ የጠረጠረ የጠረጠረውን ለማግኘት ይሰልላል፤ ሲሰልል የሚያየው የሚፈልገውን ብቻ ነው፤ ያየውን ደግሞ ማውራቱ አይቀርም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፊው ክፍል ሲፈርስ ብዙ ጎረቤት በየአቅጣጫው ተበተነ። ከግድግዳው ማዶ የነበረውን ሰው ችግር ለመጠየቅ ያሰበ ካለ፣ ዛሬ ግድግዳውም የለም።

ዛሬ ቀዳዳው በኪሳችን ውስጥ ነው። ስልኩን ከፍቶ የማያውቀውን ሰው ጋብቻና ፍቺ ሲከታተል ያመሸ ወጣት አጠገቡ የተቀመጠች እናቱ ማክሳቷን አያይም። ስልክን የማወግዝ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ስልክ ኪታብ የሚቀራ፣ ትምህርት የሚከታተል አለ። ቀዳዳው ያው ነው ብያለሁና።

ትኩረትም ጥበቃ ያሻዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለው ልብስ ለብሰው ሲሰግዱ ዓይናቸው አንድ ጊዜ ጥለቱ ላይ አረፈ። ሶላታቸውን እንደጨረሱ ልብሱን ለአቡ ጀህም እንዲወስዱላቸው፣ በምትኩ ጥለት የሌለውን የእርሱን ልብስ እንዲያመጡላቸው አዘዙ፤ ከሶላታቸው አዘናግቷቸው ነበርና። ዓይኔን እቆጣጠራለሁ አላሉም፤ ልብሱን ለወጡ። እኛ ሱጁድ ላይ ኪሳችን ሲንቀጠቀጥ ማን ደወለ እያልን ሁለት ረከዓ እንጨርሳለን፤ ከዚያም ኹሹዕ ለምን እንደራቀን ዑለማ እንጠይቃለን።

ስለ ልጆቻችን አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ በኩል ያለብን ጥፋት ከሁሉ የከበደ ይመስለኛል። ልጅ ሲጠይቅ «ዝም በል፣ ልጅ አይጠይቅም» ማለት በየቤቱ፣ አንዳንዴም በመድረሳው የተለመደ ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ግን ያልገባቸውን ነገር ሲሰሙ እስኪገባቸው ድረስ መላልሰው የሚጠይቁ ነበሩ፤ በዚህም በቡኻሪ ተወስተዋል። የአንሷር ሴቶችንም ሐያእ ዲናቸውን ከመጠየቅ ስላላገዳቸው አመስግነዋቸዋል። ጥያቄው በአባቱ ፊት የታፈነበት ልጅ ጉጉቱ አይሞትም፤ ማንም ወደማያየው ቀዳዳ ይሄዳል።

በሰፈራችን በሚገኝ አንድ የቁርኣን ማስተማሪያ ሱረቱል ጋሺያህ ሲተረጎም አንድ ትንሽ ልጅ፣ «ኡስታዝ፣ ላንቻ ግመል የለም፤ እኔ ምኑን ልይ?» ብሎ ጠየቀ። ጓደኞቹ ሳቁ። ኡስታዙ አልሳቁም። እያንዳንዱ ልጅ በየቀኑ የሚያየውን፣ ግን ጠይቆበት የማያውቀውን አንድ ነገር ይዞ እንዲመጣ ለሳምንት ቀጠሩ። ልጁ ይዞ የመጣው የእናቱን እንጀራ ነበር፤ ዓይኑን ማን እንደሚያወጣው ጠየቀ። ኡስታዙም፣ «ይህንን እናትህ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ፤ ቡኮውን ከተበጠበጠበት ቀን ጀምረህ ተመልከት፣ እርሳቸውንም ጠይቅ፣ ከዚያ መጥተህ ለሁላችንም ንገረን» ብለው ሰደዱት።