ባልንጀራ የመሆን ጥያቄ

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ምሳሌው ብዙ ጊዜ ከመነገሩ የተነሣ ግን ስለቱ የዶለዶመ ይመስላል፤ አድማጭ ሁሉ ገና ከጅምሩ ራሱን በሳምራዊው ቦታ አስቀምጦ ስለሚሰማው፣ ታሪኩ ሲያልቅ የሚወቀሰው ሌላ፣ የሚመሰገነው እርሱ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው አሰማም ሰውን ያስደስተው ይሆናል እንጂ አያስተምረውም።

ምሳሌው የተነገረው ለአንድ ሕግ ዐዋቂ መልስ ሆኖ ነው። ሰውዬው ባልንጀራውን እንዲወድ መታዘዙን ያውቃል፤ የሚጠይቀው ባልንጀራ የሚባለው ማን እንደ ሆነ ነው። በጥያቄው ውስጥ የወሰን ፍለጋ አለ፤ ፍቅር እስከ የት ድረስ ግዴታ እንደ ሆነ፣ ከየት ወዲያስ እንደማያስጠይቅ ለማወቅ ይሻል። ኢየሱስ ግን ወሰን አላሰመረለትም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደውን፣ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ 1000 ሜትር ያህል የሚያዘቀዝቀውን የበረሃ መንገድ አሳየው፤ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው፣ አይተውት ገለል ብለው ያለፉትን ካህንና ሌዋዊ፣ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን ያሰረለትን ሳምራዊ። በአይሁድና በሳምራውያን መካከል የቆየ ጠላትነት ነበርና የመጨረሻው ስም ለሰሚው ጆሮ መራራ ነበር። በመደምደሚያውም ጥያቄው ተገለበጠ፤ ለወደቀው ሰው ባልንጀራ የሆነለት ከሦስቱ የትኛው እንደ ነበር ተጠየቀ። ሕግ ዐዋቂው ምሕረት ያደረገለቱ እንደ ሆነ መለሰ፤ «ሳምራዊው» የሚለውን ቃል ግን ከአፉ አላወጣም።

ካህኑና ሌዋዊው ትእዛዙን አያውቁም ነበር ለማለት አይቻልም። የጎደላቸው ዕውቀት አልነበረም። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ ጥናት ምስክር ይሆናል። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ፣ በፕሪንስተን፣ 40 የሥነ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ላኩ። ለከፊሎቹ የተሰጣቸው ርእስ ይኸው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። በሚያልፉበት መንገድም አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ተዝለፍልፎ እንዲያስልና እንዲያቃስት ተደረገ። ጊዜ አላችሁ ከተባሉት ከመቶ 63ቱ ሲረዱት፣ ዘግይታችኋል ከተባሉት ግን የረዱት ከመቶ 10ሩ ብቻ ነበሩ። በርእሱ ምክንያት የመጣ ጉልህ ልዩነት ተመራማሪዎቹ አላገኙም። ስለ ሳምራዊው ለመናገር ሲጣደፍ የወደቀውን ተራምዶት ያለፈ ተማሪም ነበር።

ይህ ውጤት ተማሪዎቹን ለመኮነን ሳይሆን እያንዳንዱ ራሱን እንዲመረምርበት ይጠቅማል። ሰውን ገለል አድርጎ የሚያሳልፈው የጨከነ ልብ ብቻ ሳይሆን የተጣበበ ሰዓትም ነው። ስለ ሰው ፍቅር ሊያስተምር ወደ ክፍል የሚቸኩል መምህር፣ በሩ አጠገብ አንገቱን የደፋውን ተማሪ ላያየው ይችላል። ስለ ሕዝብ ችግር ስብሰባ ለመምራት የሚጣደፍ ኀላፊ፣ ደጅ ሲጠና የዋለውን ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ይለዋል። የእናትን እንባ በመድረክ ላይ አሳይቶ የሚጨበጨብለት ተዋናይ፣ የገዛ እናቱን ደብዳቤ ሳይመልስ ወራት ያልፋሉ። ሁሉም የሚሄዱት ለበጎ ሥራ ነው።

ምሳሌው ግን የማይቻል ሸክም አይጭንም። ሳምራዊው ሥራውን ጥሎ አስታማሚ ሆኖ አልቀረም። ቁስለኛውን በገዛ እንስሳው ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ አደረሰ፤ በማግሥቱ ለባለቤቱ ሁለት ዲናር፣ ማለትም የአንድ ሠራተኛን የሁለት ቀን ደመወዝ ያህል ሰጠ፤ ትርፍ ወጪ ቢኖር ሲመለስ እንደሚከፍል ተናግሮ መንገዱን ቀጠለ። የሚጠየቀው መቆም፣ ማድረስና ለመመለስ ቃል መግባት ነው።

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የተመረጠው ቃል «ባልንጀራ» ነው፤ በቃሉ ውስጥ እንጀራ ይሰማል። እንጀራም በዝምድናና በጎሣ ተቈጥሮ ሳይሆን በመቍረስ ሰውን ከሰው ያገናኛል። እንግዲህ ምሳሌውን በቀኑ መጨረሻ የሚያስታውስ ሰው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ዛሬ ማንን እንደ ወደደ ሳይሆን፣ ሲቸኩል ማንን እንዳለፈ ነው። ያለፈው ሰው ትዝ ካለው፣ ነገ ጧት ወደዚያው ተመልሶ መሄድ ይችላል።