በገዛ ቋንቋችን የምንሰማውና የማንሰማው

ምንባብ፦ የሐዋርያት ሥራ ከምዕራፍ 21 ቁጥር 37 እስከ ምዕራፍ 22 ቁጥር 22።



ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም በቤተ መቅደሱ ተይዞ ሕዝቡ ሊገድለው በፈለገ ጊዜ፥ የሮማ ወታደሮች ከእጃቸው ነጥቀው ወደ ሰፈራቸው ይወስዱት ነበር። በሰፈሩ ደረጃ ላይ ሳለ ሁለት ነገር እንዳደረገ ሉቃስ ይነግረናል። አስቀድሞ ሻለቃውን በግሪክ ቋንቋ አነጋገረው፤ ሻለቃውም ዓመፅ ያስነሣ ግብፃዊ ሽፍታ መስሎት ነበርና፥ ግሪክኛ ማወቁን በሰማ ጊዜ ተደነቀ፥ እንዲናገርም ፈቀደለት። ቀጥሎ ጳውሎስ ወደ ሕዝቡ ዘወር ብሎ በእጁ ጠቀሰና በዕብራይስጥ ቋንቋ ይናገር ጀመር። በዚያ ዘመን በአገሩ ይነገር የነበረው አራማይክ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ለእኛ ግን ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ ይኸውም እናቶቻቸው በቤት ይናገሩት የነበረው ቋንቋ መሆኑ ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ ይገደል እያለ ይጮኽ የነበረው ሕዝብ ያን ቋንቋ በሰማ ጊዜ ጸጥ አለ።

ይህ ጸጥታ ከወዴት መጣ? ጳውሎስ ገና ምንም አላስረዳም፥ ክሱንም አልመለሰም። ሕዝቡን ዝም ያሰኘው የነገሩ ፍሬ ሳይሆን የቋንቋው ድምፅ ነው። ይህ ሰው የእኛ ነው አሉ በልባቸው። ሰው የእናቱን ቋንቋ በሰማ ጊዜ ትከሻው ይላላል፥ ጆሮውም ይከፈታል። በሰው አገር በመንገድ ስንሄድ ከኋላችን የአገራችን ቋንቋ ቢሰማ፥ ተናጋሪውን ባናውቀው እንኳ ሳናስብ ዘወር እንላለን።

እግዚአብሔርም ይህን የጆሮአችንን ጠባይ አልናቀውም። በበዓለ ኀምሳ ቀን ከየአገሩ ለተሰበሰቡት ሰዎች አንድ ቋንቋ አልሰጣቸውም፤ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ እንዲሰማ አደረገ እንጂ። ሉተርም ወደ ጀርመንኛ ሲተረጉም የአነጋገሩን መንገድ ከቤት እመቤት፥ ከመንገድ ልጆችና ከገበያ ሰው አፍ ይፈልግ ነበር። በአገራችንም ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ በምጽዋ ነፃ ከወጣ በኋላ ወንጌልን ሲያገኝ፥ ለወገኖቹ ሊሰጥ የወደደው ነገር የእግዚአብሔርን ቃል በገዛ ቋንቋቸው ነበረ። በአስቴር ጋኖና በሌሎችም ረዳትነት የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታትሞ ወጣ፤ የታተመውም በግዕዝ ፊደል ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ሁላችን እናውቃለን። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ወሰነ፤ ስለዚህም ከአባቶቻችን ብዙዎቹ በአንዱ ቋንቋ እየጸለዩ በሌላው ማንበብ ተማሩ። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል በትምህርት ቤት ይማሩታል። እኛም በአንድ ቤት የሚከተለውን አይተናል። የልጅ ልጁ የአያቱን መጽሐፍ ቅዱስ ከፈተ፤ ቋንቋው የገዛ ቋንቋው ነው፥ ፊደሉን ግን አያውቀውም። አያቱም መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡለት፥ ልጁም ቃል በቃል እየተከተለ ከእርሳቸው ጋር ይለው ነበር። እንዲህ ያለውን ንባብ በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የሚያይ እረኛ ደስ ይለዋል።

እንግዲህ ሰው በቋንቋው መስማቱ፥ የወገኑን ወሬ መውደዱ፥ የአገሩን መዝሙር መናፈቁ ኃጢአት አይደለም። ከጉባኤያችን ወደ ቤይሩት ለቤት ሥራ የሄደች አንዲት እኅት፥ ሌሊት ሥራዋ ሲያልቅ በወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ የእሑዱን መዝሙር በስልኳ እንደምትሰማ ላከችብን። ቀኑን ሙሉ በስሟ የሚጠራት እንደሌለ፥ በዚያች በግማሽ ሰዓት ግን የማን ልጅ እንደ ሆነች እንደምታስታውስ ነገረችን። ይህን ሊነቅፍ የሚችል ማን ነው?

ነገር ግን ወንድሞች ሆይ፥ ምንባባችን በጸጥታው አይፈጸምም። ሕዝቡ ጳውሎስን እስከ ምን ድረስ እንደ ሰሙት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ስለ ትውልዱ ነገራቸው፥ ሰሙት። በገማልያል እግር አጠገብ እንዳደገ ነገራቸው፥ ሰሙት። የኢየሱስንም ስም ጠራ፥ በደማስቆ መንገድ ስለ ወጣው ብርሃንና ስለ ሐናንያ፥ ስለ ጥምቀቱም ተረከላቸው፤ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙት። እኛ ብንሆን ገና የናዝሬቱ ኢየሱስ ሲባል ይጮኻሉ ብለን በጠበቅን ነበር፤ እነርሱ ግን በዚያ አልጮኹም። የጮኹት ጌታ ወደ አሕዛብ እልክሃለሁ እንዳለው በነገራቸው ጊዜ ነው። ልብሳቸውን ወረወሩ፥ ትቢያም ወደ ላይ በተኑ፥ ከምድር ይወገድ አሉ። በእናታቸው ቋንቋ የተከፈተው ጆሮ፥ በዚያው በእናታቸው ቋንቋ የሌላው ወገን ስም በተጠራ ጊዜ ተዘጋ።

ይህ ምዕራፍ ዛሬ በየቤታችን ይነበባል ብንል ከእውነት አልራቅንም። ሽማግሌዎቻችን ስለ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ሲናገሩ ሰምተናል። ይህ ጣቢያ በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ሥር ሆኖ በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመረቀ፤ በአማርኛ፥ በስዋሂሊ፥ በማላጋሲ፥ በዐረብኛ በሌሎችም ቋንቋዎች ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ይናገር ነበር። በ1969 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ወረሰው። እኛ ያን ጊዜ ገና ስላልተወለድን ድምፁን አልሰማንም፤ የሚነግሩን ግን ስለ ጣቢያው ብቻ አይደለም፥ ስለ አሰማሙ ነው። በመንደሩ አንድ ሬዲዮ ብቻ ነበረ፤ ባለ ሬዲዮው ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል፤ አማርኛ በደንብ ያልገባው አጠገቡ ያለውን ምን አለ ብሎ ይጠይቃል፥ ያም ይነግረዋል። ያልወደዱትንም ነገር ቢሆን አብረው ሰምተው አብረው ይከራከሩበት ነበር።

ዛሬ በአንድ ቤት አራት ስልክ አለ፤ አራቱም ጆሮ ላይ ማዳመጫ ተሰክቷል። አባት የሚከተለው የዩቲዩብ ዝግጅት ሌላ ነው፥ የልጁ የቴሌግራም ገጽ ሌላ ነው፥ የተጋባችው ምራት የምትሰማው ደግሞ የትውልድ አገሯ ወሬ ነው። ስልኩም ትናንት የሰማነውን ቈጥሮ ዛሬ ያንኑ አብዝቶ ያቀርብልናል፤ ያስቈጣን ነገር ደግሞ ደስ ካሰኘን ይልቅ ያቆየናልና የሚያስቈጣውን ይመርጥልናል። በሚኒያፖሊስና በፍራንክፈርት ያሉ ልጆቻችን በአካል ከዚያ ሆነው በጆሮአቸው ከዚህ ናቸው፤ የጎረቤታቸውን ስም ሳያውቁ የእኛን ጠብ ከእኛ አስቀድመው ያውቃሉ። እኛም እዚህ ተቀምጠን እነርሱ የላኩልንን ለሌላው እናስተላልፋለን።

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ ሺቦሌት በል ይሉት ነበር፤ ሲቦሌት ያለውን ኤፍሬማዊ ነው ብለው ያርዱት ነበር። በአንድ ፊደል ምክንያት ከኤፍሬም 42,000 ሰው ወደቀ፤ ሁለቱም እስራኤላውያን ነበሩ። በእኛ ዘመን የመሻገሪያው ጥያቄ የትኛውን ጣቢያ ትሰማለህ የሚል ሆኗል። አንድ ሰው የአንዲትን ከተማ ስም እንዴት አድርጎ እንደሚጠራ አድምጠን፥ ይህ ከእነዚያ ነው ብለን አፋችንን እንዘጋለን። በእግዚአብሔር ቤት በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፥ ከአንድ ጽዋ ጠጥተው፥ ወደ ደጅ ሲወጡ በየመሻገሪያቸው የሚቆሙ ክርስቲያኖች እናውቃለን።

ሌላውን ከመውቀስ ይልቅ የራሳችንን በደል ብንናገር ይሻላል።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት በተጀመረ ጊዜ ማታ ማታ ወሬ እንሰማ ነበር፤ የምንሰማውም በለመድነው ቋንቋ፥ ከለመድናቸው ሰዎች አፍ ነበረ። በአንድ እሑድ በምልጃው ጸሎት ስለ ሞቱት፥ ስለ ተሰደዱትና ስለሚያለቅሱት እናቶች ጸለይን፤ ቦታዎቹንም በየስማቸው ጠራን። ጉባኤው አለቀሰ፥ እኛም ከልባችን የጸለይን መሰለን። ከጸሎቱ በኋላ አንዲት አረጋዊት እናት በደጅ ቆዩን።

«ቄስ፥ ይቅር ይበሉኝና፥ ስለ እነማን እንደ ጸለዩ ሰማሁ። የእኔም ልጅ እዚያው ነው፤ በወዲያኛው በኩል። ስለ እርሱ ግን ምንም አላሉም» አሉን።

«እማማ፥ አልሰማንም ነበር» ብለን መለስንላቸው።

«እርስዎ ማታ የሚሰሙት ሌላ ነው፥ እኔም የምሰማው ሌላ ነው። እዚህ ስንመጣ ግን አብረን የምንሰማ መስሎኝ ነበር» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

በየትኛው ወገን እንደ ነበርን፥ እርሳቸውም በየትኛው፥ አንጽፈውም፤ ብንጽፈው ከአንባቢዎቻችን እኩሌቶቹ በዚህ መስመር ላይ ማንበባቸውን ይተዋሉና። ይህን ግን እንናገራለን፦ አልሰማንም ያልነው ውሸት ነበረ። ሰምተን ነበር። የወዲያኛው ወገን ለቅሶ በስልካችን ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ፥ ገና በመጀመሪያው ቃል አጥፍተነው ነበር። በኢየሩሳሌም የነበሩት እንኳ ከእኛ ይልቅ ታግሠው ሰምተዋል።

ስምንተኛውን ትእዛዝ ልጆቻችንን ከትንሹ ካቴኪዝም በየዓመቱ እናስተምራለን። ሉተር በ1529 በጻፈው በዚያ ማብራሪያ ባልንጀራህን በሐሰት አትክሰስ በማለት ብቻ አልተወውም፤ እንድንከራከርለት፥ መልካሙን እንድንናገርለት፥ ነገሩንም ወደ በጎ እንድንተረጉምለት ጨምሮ ያዝዛል። ይህን ለዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በቃሉ አስጠንተን፥ እኛ ግን ያላረጋገጥነውን ሥዕል ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው ስናስተላልፍ የሙሴ ጽላት ትዝ አላለንም። ወሬው በእናታችን ቋንቋ ስለ መጣ ብቻ እውነት ይመስለናልና። የእናት ቋንቋ ግን ለእውነትም ለሐሰትም እኩል ይታዘዛል፤ ጴጥሮስ የገሊላ ሰው መሆኑ በአነጋገሩ በታወቀበት ሌሊት፥ ጌታውን የካደው በዚያው በገሊላ አነጋገር ነበረ።

በዚያ ሰንበት ማታ የእኚያን እናት ጣቢያ ፈልገን እስከ መጨረሻው ሰማነው። ሁሉም እውነት ነበረ አንልም፤ የእኛው ጣቢያ የሚናገረውም ሁሉ እውነት እንዳልነበረ በኋላ አይተናል። ነገር ግን በመካከሉ አንዲት ሴት ታለቅስ ነበር፥ ያ ለቅሶ ትርጉም አላስፈለገውም። በማግሥቱ ወደ ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ለመንን፥ የልጃቸውንም ስም ጠየቅናቸው። በተከተለው እሑድ የጉባኤው ሽማግሌ ከሁለቱም ወገን በጦርነቱ ያሉትን የጉባኤያችንን ልጆች ስም ከወረቀት አነበቡ፤ ዐሥራ አንድ ነበሩ። የእኚያ እናት ልጅ ስም በተነበበ ጊዜ ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። የአንዱ የወንድም ልጅ በዚያው ሳምንት ሞቶ ነበርና አልፈረድንበትም። በየሳምንቱ ማንበቡን ግን አልተውንም፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ አነበብን። የእናትየው ልጅ ግን እስከ ዛሬ ወሬው አልተሰማም።

ከወጡት ከሁለቱ ሰዎች አንዱ በወሩ ተመለሰ። ሁለተኛው አልተመለሰም፤ እኛም በየወሩ ወደ ቤቱ እንሄዳለን። ቡና ያፈሉልናል፥ ስለ እህሉና ስለ ዝናቡ እንነጋገራለን። ገና በሩን ስንገባ ቴሌቪዥኑን ያጠፋዋል፤ የሚሰማውን እንድናይበት አይወድም። ባለፈው ወር ግን ሳያጠፋው ተወው። በአጠገቡ ተቀምጠን እስከ ፍጻሜው ድረስ አብረን ሰማን፤ ከሚናገሩትም ውስጥ ያልገባን ነገር ነበርና ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ጠየቅነው፥ እርሱም ነገረን። እናንተም ስማቸውን ሳትጠይቁ ስለዚህ ቤትና ስለዚያች እናት ቤት በዚህ ሳምንት እንድትጸልዩ እንለምናችኋለን። አሜን።