ያልተዳሰሰ ዕቃ፦ የሻጭ ማሳመርና የሻጭ እውነት

በኢንተርኔት ገበያ የሚወጣ የሽያጭ ማስታወቂያ አራት ነገር ይይዛል፤ ፎቶ፣ ርእስ፣ ገለጻና ዋጋ። ገዢ ለመሳብ የሚሰጠው ምክርም በእነዚሁ ላይ ነው። ፎቶው በቀን ብርሃን ይነሣ፤ ከዕቃው ጀርባ የተዝረከረከ ነገር አይታይ፤ ርእሱ ሰው ሲፈልግ የሚጽፈውን ቃል ያስቀድም፤ ልኩ፣ ቀለሙና የተሠራበት ዓመት ይጻፍ፤ ዋጋው በግልጽ ይቀመጥ። (በቴሌግራም ቻናሎች የተለመደው «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይህን የመጨረሻውን ምክር ከመጣሱም በላይ ገዢን ያሰለቻል።) እስከዚህ ድረስ የሥነ ምግባር ጥያቄ የለም። ጥያቄው የሚነሣው ማሳመሩ አንድ እርምጃ ሲያልፍ ነው፤ ጭረቱ በማይታይበት ማዕዘን ፎቶ ሲነሣ፣ የባትሪው ድካም ሳይጻፍ ሲቀር፣ የተቀየረ ስክሪን ያለው ስልክ «ምንም ያልተነካ» ሲባል። ሻጭ ዕቃውን እስከ ምን ድረስ ማሳመር ይፈቀድለታል? ጉድለቱንስ ሳይጠየቅ የመናገር ግዴታ አለበት?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ አቴንስ ለሚማረው ልጁ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ላይ አንድ የሚሸጥ ቤት ያመጣል። ቤቱ ጤና ይነሣል፤ ሰው ግን ደኅና ይመስለዋል። በየመኝታ ክፍሉ እባብ ይወጣል፤ እንጨቱም ብልሹ ነው። ይህን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ሳይናገር ቢሸጠው በደለ ወይስ አልበደለም? ሲሴሮ በዚህ ላይ ሁለት የስቶይክ ፈላስፎችን ያከራክራል። የባቢሎኑ ዲዮጋን ሻጭ ሕጉ የሚያዘውን ያህል ይናገር፣ በቀረው አይዋሽ እንጂ ዝም ቢል ጥፋት የለበትም ይላል፤ በእርሱ ዘንድ ዝም ማለትና መደበቅ ሁለት ነገር ናቸው። የቤቱን እንከን በአዋጅ እያስነገረ የሚሸጥ ሰውማ ሞኝ ነው። ተማሪው የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ ግን አይቀበለውም፤ ገዢ ሳያውቅ ወደ ጉዳት ሲገባ እያዩ ዝም ማለት መንገድ ለሳተ ሰው አቅጣጫ ከመንፈግ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም የሚስተው ሰው እየተነዳ ነው። ሲሴሮ ራሱ ለአንቲጳጥሮስ ይፈርዳል።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሌላ ታሪክ ለዛሬው የፎቶ ጥበብ ይበልጥ ይቀርባል። ፒቲየስ የተባለ የሲራኩስ ባለ ባንክ የባሕር ዳር የአትክልት ቦታውን ካኒየስ ለተባለ ሰው ለመሸጥ ፈልጎ እራት ይጋብዘዋል። አስቀድሞ ዓሣ አጥማጆችን ሰብስቦ በዚያን ቀን ከአትክልቱ ፊት ለፊት እንዲያጠምዱ ነግሯቸዋል። እንግዳው ሲደርስ ባሕሩ በታንኳ ተሞልቷል፤ አጥማጆቹ ያጠመዱትን እያመጡ ከፒቲየስ እግር ሥር ይጥላሉ። ካኒየስ በተጠየቀው ዋጋ ገዛ። በማግስቱ አንዲትም ታንኳ የለችም፤ ጎረቤቱን ቢጠይቅ እዚህ ማንም አጥምዶ አያውቅም፣ ትናንት እኛም ገርሞን ነበር አለው። ፒቲየስ በአፉም የሲራኩስ ዓሣ ሁሉ እዚህ ነው ብሎ ዋሽቶት ነበር። ሆኖም ያ ቃል ብቻውን ካኒየስን ባላሳመነው ነበር፤ የማታለሉ ዋና ሥራ የተሠራው በትዕይንቱ ነው። ከኢንተርኔት ላይ የተወሰደ የፋብሪካ ፎቶ ለጥፎ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ከፒቲየስ የሚለየው ዓሣ አጥማጆችን ባለመሰብሰቡ ብቻ ነው።

ከአይሁድ ሊቃውንት በኩል የመጣው ሕግ ከፈላስፎቹ ክርክር ይልቅ ወደ ገበያ ወርዶ ይናገራል። በ200 ዓመተ ምሕረት አካባቢ የተጠናቀረው ሚሽና ስለ ንግድ ማታለል በሚናገርበት ክፍል፣ የባቄላ ሻጭ ከሸክሙ አናት ያለውን ብቻ አበጥሮ ሥሩን እንዳለ እንዳይተወው ይከለክላል፤ ይህ ዐይንን መስረቅ ነው። ለሽያጭ የቀረበን እንስሳ ወይም ዕቃ ማስዋብንም ያግዳል። ታልሙድ ይህን ሲያብራራ ግን አዲስ ዕቃን መቀባትን የፈቀዱ ሊቃውንት እንዳሉ ይጠቅሳል፤ የተከለከለው አሮጌውን ነው። ልዩነቱ በደንብ የታሰበበት ነው። አዲሱ ዕቃ ሲቀባ የበለጠ ያምራል እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም፤ አሮጌው ሲቀባ ያልሆነውን መስሎ ይታያል። ፎቶ ላይ ብርሃን የሚጨምር ሻጭም የትኛውን እያደረገ እንደሆነ በዚህ መለየት ይችላል፦ በጨለማ ክፍል የተነሣን አዲስ ጫማ ብርሃን መስጠት ትክክለኛ ቀለሙን ይመልስለታል፤ የደበዘዘን ጫማ ማድመቅ ግን አሮጌን መቀባት ነው።

በእስልምና በኩል በሰሒሕ ሙስሊም የተዘገበ አንድ ታዋቂ ሐዲስ አለ። ነቢዩ ሙሐመድ በገበያ በተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ውስጡ ረጥቦ አገኙት። ሻጩ ዝናብ መትቶት ነው ሲል፣ ታዲያ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ዝናቡ የሻጩ ጥፋት አልነበረም። ተጠያቂ ያደረገው እርጥቡን ከሥር፣ ደረቁን ከላይ ማድረጉ ነው። ስለዚህ በማስታወቂያ ውስጥ የመረጃው ቅደም ተከተልም የሥነ ምግባር ጉዳይ ይሆናል፤ «ቻርጅ ቶሎ ይጨርሳል» የሚለው በረጅም ገለጻ መጨረሻ፣ «ተጨማሪ አንብብ» ከሚለው በታች ቢቀመጥ ተጽፏል ማለት ይቻላል፣ ተነግሯል ማለት ግን ያስቸግራል።

የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ደግሞ ለዛሬው ገበያ በጣም የሚቀርብ ሌላ ጥያቄ ተወያይተዋል፤ ያልታየ ዕቃ ይሸጣል ወይ? ሐነፊ በሚባለው መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) ይሸጣል፤ ገዢው ግን ባየው ጊዜ የመቀበል ወይም የመመለስ ምርጫ አለው። በሻፊዒዎች ዘንድ የጸናው አስተያየት እንዲህ ያለውን ሽያጭ አይቀበልም። ሁለቱም መዝሀቦች በኢትዮጵያ ተከታዮች አሏቸው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ከርቀት የገዛ ሸማች ያለ ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን እንዲለውጥ መፍቀዱ ከሐነፊዎቹ መፍትሔ ብዙም አይርቅም። ሁለቱም የሚነሡት ዐይቶ መግዛትና ተነግሮት መግዛት አንድ አይደለም ከሚል ሐሳብ ነው።

እዚህ ላይ የጉዳዩ ዋና መስመር ይወጣል። የሻጭ የመናገር ግዴታ ገዢው ራሱ ሊያጣራው በማይችለው ነገር ልክ ይሰፋል። መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19፣ በዘዳግም ምዕራፍ 25 እና በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 8 ስለ ንግድ ሲናገር ደጋግሞ ሚዛንና መስፈሪያን የሚያነሣው ያለ ነገር አይመስልም። ገዢው ስንዴውን ማየት፣ በእጁ ማሸት፣ ማሽተት ይችላል፤ የድንጋዩን ክብደት ግን ሻጩን አምኖ ነው የሚቀበለው። መርካቶ የገባ ገዢ ጨርቁን ይዳስሳል፣ ጫማውን አጥፎ ያያል፣ ማሰሮውን መትቶ ድምፁን ይሰማል። ስልክ ላይ ያለው ገዢ እጅ የለውም፤ የሚያየው ሻጩ ያሳየውን ብቻ ነው። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ ለዲዮጋን የሚያደላ ሰው እንኳ በኢንተርኔት ገበያ ለአንቲጳጥሮስ መስጠት አለበት። የዲዮጋን ክርክር የቆመው ገዢው መጥቶ፣ ዐይቶ፣ መርምሮ ይገዛል በሚል ግምት ላይ ነበር።

በ13ኛው መቶ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ በታላቁ የነገረ መለኮት ድርሳኑ ጉዳዩን ይበልጥ ያጠራዋል። የተደበቀ ጉድለት ገዢውን የሚጎዳ ወይም የሚያከስር ከሆነ ሻጩ መናገር አለበት። ጉድለቱ ግልጽ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፈረሱ አንድ ዐይና ከሆነና ዋጋው በዚያው ልክ ከተቀነሰ፣ መናገር ግዴታ አይደለም። ቀጥሎም ዲዮጋን ያሾፈበትን የአዋጅ ነጋሪ ጉዳይ ያነሣል። ጉድለትን በአዋጅ ማስቀደም አያስፈልግም፤ ሰው የዕቃውን ደግ ጎን ሳያውቅ ደንግጦ ይሸሻልና። ሊገዛ ለቀረበው ለእያንዳንዱ ግን ይነገረው፤ እርሱ ጥሩውንና መጥፎውን አብሮ ይመዝናል። በዚህ መንገድ ሲታይ ርእሱ አዋጅ ነው፣ ገለጻው ደግሞ ለቀረበ ሰው የሚነገር ቃል። ርእሱ ላይ «የተሰበረ» ብሎ መጻፍ ግዴታ ባይሆንም፣ ገለጻው ውስጥ አለመጻፍ ግን በአኩዊናስም ሚዛን በደል ነው። የኢትዮጵያ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ለዚህ ቅርብ ነው፤ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ ይሆናል፤ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ ደግሞ «ዋስትና የለኝም» የሚለው ውል አያድነውም።

ስለ ቃላት ብዙ ማለት አያስፈልግም። «ምርጥ»፣ «የሚያምር»፣ «ተወዳዳሪ የሌለው» የሚሉትን ገዢ እንደ ሻጭ ወግ ስለሚሰማቸው ማንንም አያስቱም፤ ቦታ ይይዛሉ እንጂ። «ኦርጅናል»፣ «አዲስ»፣ «ንጹሕ ማር» የሚሉት ግን ሊመረመሩ የሚችሉ አባባሎች ናቸው፤ እውነት ወይም ሐሰት ከመሆን አያመልጡም። «ሁለት ብቻ ቀርቷል» የሚለውም እንዲሁ፤ መጋዘኑ ሙሉ ከሆነ ውሸት ነው። ለራስ ዕቃ የሐሰት አስተያየት ማስጻፍን ጥንታዊዎቹ በስም ባያውቁትም በባሕርዩ ያውቁታል። የእስልምና ሕግ ነጅሽ ብሎ የሚከለክለው፣ መግዛት ሳይፈልግ ሌላውን ለማነሣሣት ዋጋ የሚጨምርን ሰው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 የሐሰት አስተያየት መግዛትንና መሸጥን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል።

ግዴታው የሻጭ ብቻ አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 20 ዕቃውን እያጣጣለ ገዝቶ ሲሄድ በግዢው የሚመካውን ሰው ይታዘባል። ሚሽናም መግዛት የማይፈልግ ሰው ዋጋ ስንት ነው ብሎ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ሻጩን በከንቱ ተስፋ ማቁሰል ነውና። ይህ ደንብ ዛሬ በጥብቅ ቢሠራ አብዛኛው የውስጥ መስመር ጸጥ ይል ነበር።

እውነተኛ ማስታወቂያ ያተርፋል ወይ? ብዙ ጊዜ ያተርፋል፤ ፍልስፍናውም የሚወሳሰበው እዚህ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ገዢ ጥሩውን ያገለገለ መኪና ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ እንደሚያቀርብ፣ በዚህም የጥሩ መኪና ባለቤቶች ከገበያ እንደሚወጡና የቀረው ብልሹው እንደሚሆን አሳይቷል። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀመር መሥራቹ ፒየር ኦሚድያር ከሸጣቸው የመጀመሪያ ዕቃዎች አንዱ የተበላሸ የሌዘር ጠቋሚ ነበር፤ በ14.83 ዶላር ተሸጠ። ገዢው የተበላሹትን የሚሰበስብ ሰው ሆኖ ተገኘ። ጉድለትን መናገር ገዢን ሁሉ እንደማያባርር፣ ትክክለኛውንም ገዢ ሊያመጣ እንደሚችል ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መሠረት መጽሐፉ ልጅን እንኳ ሳያታልል ለሁሉም በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ባለ ሱቅን አንሥቶ፣ ይህ ሰው ከግዴታ ነው ወይስ ከጥቅም እንዲህ የሚያደርገው ብሎ ይጠይቃል። ደንበኛ እንዳይሸሸው ብሎ ከሆነ ሥራው ትክክል ነው፤ የሥነ ምግባር ዋጋ ግን የለውም። ኮከብና አስተያየት ባለበት ገበያ ሁሉም ሻጭ ይህን ባለ ሱቅ ይመስላል። ገዢውን የሻጩ ልብ አያስጨንቀውም፤ የሚፈልገው ዕቃው እንደተጻፈው መሆኑን ነው። ልዩነቱ የሚታየው ኮከቡ በማይደርስበት ቦታ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የሚቆም የፍሪጅ ኮምፕሬሰር፣ አንድ ጊዜ አደጋ የደረሰበት የሕፃን መቀመጫ፤ ገዢው በሳምንቱ አምስት ኮከብ ሰጥቶ ጨርሷል። እዚያ ጥቅም ሻጩን ዝም ያሰኘዋል፤ እንዲናገር የሚያደርገው ግዴታ ብቻ ነው።

የሚቀረው ዕቃው ምንም ጉድለት ሳይኖርበት ሻጩ ስለ ገበያው የሚያውቀው ነገር ሲኖር ነው። ሲሴሮ ከቤቱ አስቀድሞ ያመጣው ጉዳይ ይህ ነው፦ ረኃብ ወደ ገባባት ሮድስ ከእስክንድርያ እህል የጫነ ነጋዴ ይደርሳል፤ ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆኑን ያውቃል፤ ቢናገር ዋጋው ይወድቃል። ሲሴሮ ይናገር ይላል። አኩዊናስ ቢናገር የላቀ ምግባር ነው፣ በፍትሕ ግን አይገደድም ይላል፤ እህሉ ጤነኛ ነውና። ከላይ በተሰጠው መለኪያ ሲታይ የአኩዊናስ መልስ ለኢንተርኔት ገበያ ይስማማል። ስልክ የያዘ ገዢ የዕቃውን ጤና መዳሰስ ባይችልም የሌሎችን ዋጋ በደቂቃ ማነጻጸር ይችላል፤ ከሮድስ ሰዎች በተለየ መርከቦቹን ከሩቅ ሊያይ ይችላል። ሻጩ «ነገ ይጨምራል» ብሎ ካልጻፈ በቀር ዝምታው አያስወቅሰውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1817 ተመሳሳይ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር፤ የሰላም ስምምነት መፈረሙን ቀድሞ የሰማ የኒው ኦርሊንስ ነጋዴ ዋጋው ሳይንር ትምባሆ ገዝቶ ነበር። ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል ገዢው ወሬውን የመንገር ግዴታ የለበትም ብለው፣ ሆኖም ሻጩ ዋጋ የሚያንር ወሬ አለ ወይ ብሎ ጠይቆት ስለነበር ማታለል ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) እንዲወስኑ ጉዳዩን መለሱት።