ናዝሬትና ልጆቻችን የሚያድጉበት ሰፈር



ቅዱስ ዮሐንስ በወንጌሉ የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ ፊልጶስ ስለ ጌታችን ለናትናኤል በነገረው ጊዜ ናትናኤል ምን እንደ መለሰለት ጽፎልናል። ናትናኤል ስለ ሰውየው ጠባይም ሆነ ስለ ትምህርቱ አንዳች አልጠየቀም፤ የመጣበትን መንደር ስም ብቻ ሰምቶ ከዚያ መልካም ነገር መገኘቱን ተጠራጠረ። እንዲህ ያለው ሰው ግን ክፉ አልነበረም፤ ተንኰል የሌለበት መሆኑን ጌታ ራሱ መሰከረለት። እንግዲህ ሰውን በሰፈሩ መመዘን ቅን ልብ ያለውንም ሰው የሚያገኝ ድካም ነው።

ናዝሬት ትንሽ መንደር ነበረች፤ ስሟ በብሉይ ኪዳን መጻሕፍት አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። ይሁን እንጂ ቅዱስ ሉቃስ በ4ኛው ምዕራፍ እንደሚነግረን፣ ጌታችን ባደገባት በዚያች መንደር ወደ ምኵራብ ገብቶ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ተቀብሎ አነበበ። ይህን ክፍል ስንሰብክ አብዛኛውን ጊዜ በትንቢቱ ላይ እናተኩራለን፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን አንድ ቀላል ነገርም እናስተውል፤ የጠራቢው ቤት ልጅ ማንበብ ያውቅ ነበር። በሰውነቱ እንደ ማንኛውም ልጅ ያደገ ነውና፣ መጽሐፍ የሚገኝበት ስፍራ በመንደሩ ነበረ፤ ሲመሽም የሚገባበት፣ ዮሴፍ በእጁ ሥራ ያቆመው ቤት ነበረው። በኋላ በኢየሩሳሌም የነበሩት ሰዎች በዕውቀቱ የተገረሙት ይህን ቤትና ይህን መንደር ስላላሰቡ ይመስለናል።

የትምህርት ዘመን በተከፈተ ቍጥር ስለ መጻሕፍት እጥረት፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ክፍል ጥበት እንነጋገራለን። ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ስለሚገባበት ቤት ግን የምንናገረው ጥቂት ነው። «የቤት ሥራ» የሚለው ስም ራሱ ቤት መኖሩን አስቀድሞ ይገምታል። እናት ጠላ በምትሸጥበት፣ ስድስት ሰው በሚያድርበት፣ አንዲት አምፖል ለጠጪውም ለተማሪውም በምታበራበት አንድ ክፍል ውስጥ የሚሠራው የቤት ሥራ፣ የራሱ ጠረጴዛ ያለው ልጅ ከሚሠራው ጋር አንድ አይደለም። መምህሩ ግን ሁለቱንም ደብተሮች በአንድ ቀይ እስክርቢቶ ያርማል።

ይህ አኗኗር እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በሰው ውሳኔ የተሠራ ነው። ጅማ በሂርማታ ገበያ ዙሪያ፣ በጅሬን ኮረብታ ላይ ካለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሥር ያደገች ከተማ ናት። ኢጣሊያ ሀገራችንን በወረረችበት ዘመን በከተሞቻችን የነጮቹንና የሀገሬውን መኖሪያ ለይታ ማቀድ ጀምራ ነበር፤ በጅማ ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር ስሙን እስከ ዛሬ ይዞ ይኖራል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ።

ስለዚህ አዋጅ ብዙ መራራ ነገር ይነገራል፤ የተወሰደው የብዙ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪት ነበረና። ሆኖም ፍርዳችን ቀና እንዲሆን ሌላውንም ገጽ ማየት ይገባናል። የቀበሌ ቤት ድኻውን በከተማው መካከል አቆየው። የሹሙ ልጅና የልብስ አጣቢዋ ልጅ በአንድ መንገድ ወጥተው በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ይሰለፉ ነበር። ጉዳቱ ቤቱን የሚያድሰው መጥፋቱ ነው። ተከራዩ የራሴ አይደለም ይላል፤ ቀበሌውም ከሚሰበስበው ጥቂት ብር የሚተርፈው የለም፤ በመካከሉ ግድግዳው ዘመመ። ልጆች ሲበዙ አንዲት ክፍል ልጨምር ማለትም ደጅ መጥናት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ የሊዝ ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይፋ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህም የግል ትምህርት ቤቶች ተበራከቱ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዘመን መምጣታቸውን ልብ እንበል። ገንዘብ ያለው ቀስ በቀስ ወደ አዲሱ ሰፈር ወጣ፤ ልጁንም ወደሚከፈልበት ትምህርት ቤት አዛወረ። ከእርሱም ጋር፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ስለሚያፈሰው ጣሪያና ስለጎደለው መምህር የሚሟገተው አንደበት አብሮ ሄደ። በአሮጌው ትምህርት ቤት የቀሩት፣ ስብሰባ ለመምጣት የዕለት ሥራቸውን መተው የማይችሉት ናቸው።

ዛሬ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ጅማንና ሌሎች ከተሞችንም አዳርሷል። ከተማ ሲያምር የሚከፋው ሰው የለም። እኛ የምንጠይቀው፣ ቤት የሚፈርሰው በየትኛው ወር ነው ብለን ነው። የአዲስ አበባ ፒያሳ ነዋሪዎች የተነሡት የትምህርቱ ዓመት ሳይገባደድ ነበር። ባለይዞታው ምትክ ወይም ካሣ የሚጠይቅበት መንገድ አለው፤ ደባሉ ግን በመዝገብ የማይገኝ ሰው ነው። ልጁም በዓመቱ አጋማሽ ሩቅ ሰፈር ሲገባ፣ መሸኛ ይዞ ከበር በር ይዞራል። የሥራው ሰሌዳ እስከ ሰኔ መጨረሻ ቢጠብቅ ምን ይጎድላል? ለባለ ሥልጣኖቻችን በትሕትና የምናቀርበው ልመና ይህ ነው።

ከጅማ ወጥተን ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ጪራ ስንሄድ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በገጠሩ ቀበሌ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ሁለተኛ ደረጃ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በከተማ ነው። ስለዚህ ገበሬው 9ኛ ክፍል ለደረሰ ልጁ ከተማ ቤት ይከራይለታል። ሦስት አራት ልጆች አንዲት ክፍል ይይዛሉ፤ እሑድ ማታ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ ዓርብ ይመለሳሉ። ለእነዚህ ልጆች የትምህርት ጕዳይ ማለት የኪራይ ጕዳይ ማለት ነው። ቡና ዋጋ ባጣ ጊዜ፣ በ1994 ዓ.ም. ገደማ እንደ ሆነው፣ ኪራዩም አብሮ ይታጠፋል። ተማሪዋ ሴት ስትሆን የወላጅ ሥጋት ይበረታል። መቀርቀሪያ በሌለው በር፣ ከመጠጥ ቤት ጓሮ ባለ ክፍል ልጁን ያሳደረ አባት ሌሊቱን አይተኛም፤ በመጨረሻም ትቅርብኝ ይላል። የዚያች ልጅ ዕድል በሒሳብ ፈተና ሳይሆን በበር መቀርቀሪያ ተወሰነ።

በ1967 ዓ.ም. ተወርሰው በኋላ ወደ ግል በተዛወሩት በሰፋፊዎቹ የቡና እርሻዎች ካምፖች ደግሞ ቤቱ የሥራው ጥገኛ ነው፤ አባት ከሥራ የወጣ ዕለት ልጅ ቤቱንም ትምህርት ቤቱንም ያጣል። ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከወላይታና ከከምባታ ለመጣው ሠራተኛ ልጅ በትምህርት ቤት የሚጠብቀው ቋንቋ በቤቱ ከሚሰማው የተለየ ነው። የለቀማው ወራትም ከትምህርቱ የመጀመሪያ መንፈቀ ዓመት ጋር ይገጥማሉ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በዚሁ በሁለተኛው ዓመት ከአሥር ትምህርት ቤቶች አራቱ የሚያህሉት አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አዳሪ ትምህርት ቤቶች ግን ከሌሎቹ ልቀው ታዩ። ተማሪዎቻቸውን መርጠው እንደሚቀበሉ እናውቃለን፤ ቢሆንም አልጋ፣ ምግብና የማታ መብራትም ይሰጣሉ። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ቤተሰቦች ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ የባለ ዕጣዎቹ ልጆች ሁለተኛ ደረጃን በመጨረስ ተሽለው እንደ ተገኙ ጽፈዋል። በአሜሪካም በ1994 እ.ኤ.አ. በአምስት ከተሞች በተጀመረ ሙከራ፣ ዕድሜያቸው 13 ሳይሞላ ከድኻ ሰፈር ወደ ተሻለ ሰፈር የተዛወሩ ልጆች ካደጉ በኋላ የተሻለ ገቢ አግኝተዋል፤ ከዚያ ዕድሜ በኋላ የተዛወሩት ግን ያን ጥቅም አላገኙም። ጊዜ ያልፋል ማለት ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. «ደስታና ተስፋ» በተባለው ሰነዱ፣ በቍጥር 26፣ ለሰው ልጅ ክብር የሚገቡትን ነገሮች ሲዘረዝር መጠለያንና ትምህርትን በአንድነት አስቀምጧል። ነቢዩ ኢሳይያስም በ5ኛው ምዕራፍ፣ ለሌላው ስፍራ እስኪጠፋ ድረስ ቤትን በቤት ላይ የሚጨምሩትን ወቀሰ። በጌታችን እጅ በናዝሬት የነበረው የዚህ ነቢይ መጽሐፍ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ካቶሊካውያን ትምህርት ቤቶች ልጅ ሲመዘግቡ የወላጁን አቅም ብቻ ሳይሆን የልጁን ማደሪያም ይጠይቁ፤ ከካምፕና ከኪራይ ክፍል ለሚመጡት ቦታ ይቆጠብላቸው። በየቍምስናው ያሉት አዳራሾች ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ተዘግተው ይውላሉ፤ መብራትና ወንበር አላቸው፤ ካቴኪስቱ ቍልፉን ይዞ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቢጠብቅ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ፣ ካቶሊክም ሙስሊምም ኦርቶዶክስም ሳይባል፣ ማጥኛ ይሆናሉ። በአጋሮና በሌሎቹ የቡና ከተሞች ለተማሪዎች ክፍል የምታከራዩ ምእመናን ሆይ፣ ኪራዩን ቀንሱ ብንላችሁ የኑሮውን ውድነት ታነሡብናላችሁ፤ እውነታችሁንም ነው። ለቡናው ወር ድረስ ግን ጠብቋቸው፤ ገበሬው በታኅሣሥ ይከፍላችኋል። ልጃገረዶች ባሉበት ክፍል በር ላይም ከውስጥ የሚዘጋ ጠንካራ መቀርቀሪያ አስገቡ፤ አናጢው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።