በልጅ አፍ የተነበበ ዕዳ

በአዊ፣ የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በግምጃ ቤት አንድ ነጋዴ ነበረ። ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሚስማርና ቆርቆሮ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ቦቲና ጃንጥላ ይሸጣል። ከዕቃው ሁሉ በላይ የሚጠነቀቅላት ግን በመሳቢያው ለምትቀመጠው የዱቤ ደብተር ነበር። የአዊ ገበሬ ረብጣ ብር የሚይዘው በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው፤ ጤፉ ሲወቃ፣ ድንቹ ሲሸጥ፣ በአራት በአምስት ዓመት ደግሞ የተከለው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ከሰል ሆኖ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ሲጫን። ጨውና ሳሙና ግን በየሳምንቱ ያስፈልጉታል። ያንን ክፍተት የምትሸፍነው ያቺ ደብተር ናት።

ነጋዴው ዕዳ የሚጠይቅበት የራሱ ወግ ነበረው። ባለ ዕዳውን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠብቆ፣ ከሰው ነጠል አድርጎ፣ አብሮት ትንሽ ይራመዳል። ስለ ከብቱ ይጠይቃል፤ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፤ ዝናቡ ዘንድሮ እንዴት እንደ ሆነ ያነሣል። መለያያው መንገድ ላይ ሲደርሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺን ነገር አስባት እንግዲህ» ይላል። ባለ ዕዳውም «አልረሳኋትም፤ እህሉ ይግባልኝ» ይላል። የብሩ ልክ አይጠራም። ሁለቱም ያውቁታልና ሌላ ጆሮ መስማት የለበትም።

የእህቱ ልጅ ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ አጎቱ ጋ ተቀመጠ። ልጁ ትጉህ ነበር። ደንበኞች ለመገናኛ በደብተሩ ያስመዘገቧቸውን ስልክ ቁጥሮች አንድ በአንድ ወደ ስልኩ አስገባና፦

«ጋሼ፣ ዕቃ ሲገባ ለምን በቴክስት አንነግራቸውም?» አለ።

«ያነቡታል?»

«አባትየው ባያነብ ልጁ ያነባል።»

ጥሩ መልስ ነበር። በዚያ ቀን ሁለቱም ትርጉሙን እስከ መጨረሻው አላሰቡትም።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ በረከት ነበረው። «ቆርቆሮ ገብቷል፤ ዋጋው እንዳምናው ነው» የሚል መልእክት ሲደርሳቸው ቤት የሚሠሩ ሰዎች ከሩቅ ቀበሌ አህያ ይዘው መጡ። ዘይት ሲጠፋ «ዛሬ የለም፤ አይድከሙ» ብሎ ስለ ላከ ብዙ እናቶች በከንቱ ከሚኳትኑት መንገድ ዳኑ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ሁለተኛውን ነው። ሻጭ «የለኝም» ብሎ የሚልከው መልእክት አንድ ብር አያስገባለትም፤ ግን የሰውን እግርና የሰውን ቀን ያከብራል። ደንበኛውም ያንን ያውቃል።

ልጁ ሥራውን በደንብ ተማረው። አንድ ቀን የላከው መልእክት የሁለት ዋጋ ቆረጠበት። ምክንያቱን ፈልጎ ሲያገኝ ለአጎቱ አስረዳው፦ አንድ የስልክ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይገባበታል፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ 70 ላይ ያልቃል፤ ክፍት ቦታውና ነጥቡም ከዚያው ይቆጠራል። 70 ካለፈ መልእክቱ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ማሳጠር ጀመረ። የሱቁን ስም አስቀደመ፤ ከማያውቁት ቁጥር የሚመጣ ነገር ሁሉ «ሎተሪ ደርሶዎታል» የሚል አጭበርባሪ ሊሆን ይችላልና ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ላኪው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ከዚያ ዕቃው፣ ዋጋው፣ ቀኑ። ሰላምታው ወጣ። ለዕቃ ሲሆን ማንም አልተቀየመም።

ሰው በስልክ መልእክት ማመን የጀመረበት ዘመንም ነበር። ይህ እምነት እንዲሁ የመጣ አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በአገራችን የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ኖሯል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲመጣ ደግሞ ገንዘብ መግባት መውጣቱን የሚናገረው ያው አጭር መልእክት ሆነ። አንዲት ጢው የምትል ድምፅ ከብር ጋር ተሳሰረች። ስልክ ጢው ሲል በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ቀና ይላል።

በዚያው ሰሞን ችግር መጣ። በአዊ ዲከረንስ ላይ ዝገት የሚመስል በሽታ ወርዶ የብዙ ገበሬ ደን ለከሰል ሳይደርስ ደረቀ። ያንን ደን ተማምነው ዱቤ የወሰዱ ሁሉ እጃቸው አጠረ። በእንጅባራ ያለው ጅምላ አከፋፋይ ደግሞ የነጋዴውን ዱቤ አቆመና ያለፈውን እንዲከፍል ወጥሮ ያዘው። ነጋዴው በወጉ ሄዶ ሁለት ሦስት ሰው ጠየቀ። «እህሉ ይግባልኝ» አሉት። በደብተሩ ላይ ያሉት ብዙ ነበሩ፤ እሁድ ደግሞ በሳምንት አንድ ናት።

«ጋሼ፣ በአንድ ቀን ለሁሉም መላክ ይቻላል» አለ ልጁ።

ነጋዴው አመነታ። «እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ ይባላል?»

«ባንክም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።»

ባንክ ከባለ ዕዳው ጋር በአንድ ደብር እንደማያስቀድስ ነጋዴው ሊነግረው ይችል ነበር። አልነገረውም፤ ጨንቆት ነበር። ልጁም ከሱቁ ስም ቀጥሎ ጻፈ፦ «ውድ ደንበኛ፣ የ2340 ብር ዕዳዎን እስከ ዓርብ ይክፈሉ።» የብሩን ልክ ለየሰዉ እየቀያየረ ላከ። 70 ፊደል እንኳ አልሞላም። ከቤተ ክርስቲያን እስከ መለያያው መንገድ ይወስድ የነበረው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ የሚወራው ሁሉ ቀረ። ድምፅ ዝቅ የሚልበት ቦታም ቀረ።

ቀኑ ታኅሣሥ 12 ነበር። ከባለ ዕዳዎቹ አንዱ፣ በአገሩ የተከበሩ ሽማግሌ፣ የሚካኤልን ማኅበር የሚያወጡበት ቀን። የንስሐ አባታቸው በላይኛው መደብ ተቀምጠዋል፤ ማኅበርተኛው ዙሪያውን ሞልቷል፤ ጠላው ተቀድቷል፤ የጾም ነውና ዳቦውና ንፍሮው ቀርቧል። ስልኩ ጢው አለ። አምስተኛ ክፍል የሆነችው ልጃቸው የቤቱ አንባቢ ናት። የመጣውን ሁሉ የምታነብላቸው እሷ ናት፤ ሰው በተሰበሰበበት ማንበብ ደግሞ ደስ ይላታል። ብድግ ብላ፣ እንደ ተማረችው ጮክ አድርጋ አነበበችው።

መልእክቱ በአማርኛ ነበር። በአዊ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአውኝኛ ነው፤ የቤቱም ቋንቋ አውኝኛ ነው። አያቷ አማርኛው ስላልገባቸው «ምን አለ?» ሲሉ፣ ልጅቱ የአባቷን ዕዳ በአውኝኛ ደገመችላቸው።

ማንም አልተናገረም። ቄሱ ስለ መኸሩ አንሥተው ወሬውን ሊያስቀይሱ ሞከሩ። ሽማግሌው የሰውን የዕዳ ክርክር ሲዳኙ የኖሩ ነበሩ፤ በዚያ ቤት ከተቀመጡት ሁለቱ በእሳቸው ሽምግልና የታረቁ ባለ ዕዳና አበዳሪ ናቸው። ልጅቱ ያጠፋችው ነገር ምን እንደ ሆነ ሳይገባት የአባቷን ፊት እያየች ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ሽማግሌው ፈረሰኛ ነበሩ። የአገው ፈረሰኛ ለፈረሱ ያለውን ነገር ለአዊ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው አንባቢ ግን ይህን ልበል፦ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በዓድዋና በኋላም በአርበኝነቱ ዘመን ፈረስ የዋለውን ውለታ በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ በእንጅባራ ይዘክራል። በዚያ ቀን ያለ ፈረስ መዋል ለእሳቸው በሰርግ ቤት ደጃፍ ቆሞ እንደ መቅረት ነው። ሽማግሌው እስከ ዓርብ አልጠበቁም። በማግስቱ ፈረሱን ሸጡ፤ ወደ ሱቁ ሄደው 2340 ብሩን ቆጥረው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፦

«ከደብተርህም ከስልክህም ስሜን አጥፋልኝ» ብለው ወጡ።

ነጋዴው የሆነውን አላወቀም። አብዛኛው ሰው በዚያ ሳምንት ከፈለ፤ ግማሹ በቴሌብር፣ ግማሹ በእጁ። «አላልኩዎትም?» አለ ልጁ። የአከፋፋዩ ዕዳ ተዘጋ። በሒሳብ ካየነው ሥራው ሠምሯል።

እዚህ ላይ ከምሳሌው ወጣ ልበል። በስልክ መልእክት ማሳፈር ገንዘብ ያስመልሳል፤ ይህን ዓለም ሁሉ አይቶታል። በኬንያ በስልክ የሚያበድሩ ድርጅቶች የተበዳሪውን የስልክ ማውጫ እየከፈቱ ለዘመዱና ለወዳጁ ሁሉ «ይህ ሰው ዕዳ አለበት» እያሉ መላክ ይዘው ስለ ነበር፣ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ደንብ ከለከላቸው። በእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከሰው የተወሰደ መረጃ ለተወሰደበት ዓላማ እንዲውል ያዛል። የግምጃ ቤቱ ነጋዴ የማንንም ስልክ አልከፈተም፤ ለባለ ዕዳው ብቻ ነው የላከው። ነገር ግን በገጠር ቤት ስልኩ የቤቱ ነው፤ አንባቢው ልጅ ነው፤ ሰሚው የተገኘው ሰው ሁሉ ነው። ቁጥሩን የሰጡት ደግሞ ለዕቃና ለመገናኛ ነበር። በገጠር ቤት አንባቢው ሌላ ሰው መሆኑን ቀድሞ ያሰበ እንደ ነበር የሚያሳየኝ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የገበሬዎች የስልክ መስመር፣ 8028 ነው። ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የሚያስፈልገውን ምክር ገበሬው ራሱ ደውሎ፣ በድምፅ፣ በገዛ ጆሮው እንዲሰማ ነው የተሠራው። ማንበብ የማይችል ሰው የልጁን አፍ ሳይዋስ የፈለገውን ያውቃል።

ወደ ነጋዴው ልመለስ። ጥር አለፈ፤ የካቲት ገባ። ልጁ «ቅናሽ አለ» ብሎ ላከ፤ የመጣ የለም። ደግሞ ላከ። በሚያዝያ ቆርቆሮ የሚፈለግበት ወቅት ሆነ፤ ሰዎች በሱቁ ደጃፍ አልፈው ሌላ ጋ ገዙ። ሲያገኙት ሰላምታ አይነፍጉትም፤ ክፉም አይናገሩትም። በየቤቱ ግን ለልጆች የተነገረ ትእዛዝ ነበር፦ «ከዚያ ሱቅ ከመጣ አታንብቡ።» የሱቁ ስም በመጀመሪያ መጻፉ አሁን ለማጥፋት አመቸ። ልጁ የመልእክቱን ብዛት ጨመረ። እያንዳንዱ ጢው ባለ ቤቱን ያችን ታኅሣሥ እያስታወሰ እንደሚያሳቅቅ ማን ይንገረው?

በመጨረሻ የነገረችው አንዲት ጠላ ሻጭ ናት። የሽማግሌውን ቤት፣ የልጅቱን ንባብ፣ የፈረሱን ነገር አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ነጋዴው ያን ሌሊት አልተኛም። ሲነጋ ልጁን ጠርቶ «ይቅርታ ብለህ ጻፍላቸው» አለው። ልጁ አሳምሮ ጻፈ፤ በ70 ፊደል የሚቻለውን ያህል። ከሽማግሌው ዘንድ የመጣው መልስ በሰው አፍ ነበር፦ «ልጄ ሁለተኛ የእሱን ነገር አታነብም።»

ነጋዴው ሦስት ሽማግሎች ላከ። እነሱም መጀመሪያ እሱን ራሱን ወቀሱት።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል ነበር» አሉት ትልቁ። «ያንተ ደግሞ ከአፍህ እንኳ አልወጣም፤ ከሰው ልጅ አፍ አስወጣኸው። ገንዘብህን መጠየቅህ ነውር አይደለም። ያችን ልጅ የአባቷ ወቃሽ ማድረግህ ነው ጥፋትህ።»

ፍርዱ ይህ ሆነ። በሚቀጥለው የሚካኤል ማኅበር ነጋዴው በእግሩ ይሂድ፤ በዚያው ሰው ፊት «ዕዳው ተከፍሏል፤ በድያችኋለሁ» ይበል፤ ልጅቱንም ጠርቶ ጥፋቱ የእሱ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ይንገራት። ለፈረሱ ደግሞ ውርንጭላ መግዣ ለሽማግሌው ያበድር፤ ቀን ሳይቆርጥ፣ ወለድ ሳይጠይቅ። ነጋዴው «በስጦታ ልስጣቸው» ቢል ሽማግሎቹ አልተቀበሉትም። ስጦታ ቢሆን ያን ሰው ሁለተኛ ያዋርደዋል፤ ዱቤ ግን እምነት ነው አሉ።

ነጋዴው ሄደ፤ እንደ ተፈረደበትም አደረገ። ልጁም አብሮ ሄዶ ከደጅ ቆመ፤ ቄሱ ጠርተው አስገቡት።

አሁንም ከዚያ ሱቅ መልእክት ይላካል። ልጁ ስልኩን ይዞ ከሰው ሰው እየሄደ «ስለ ዕቃ ልላክልዎ? በቤትዎ የሚያነበው ማነው? በአማርኛ ይሁን በአውኝኛ?» ብሎ ጠይቆ በደብተሩ ኅዳግ ጻፈ። «አይሆንም» ያለው ብዙ ነበር፤ ስማቸው ወጣ። የቀሩት ከበፊቱ ጥቂት ናቸው፤ የሚመጡት ግን እነሱ ናቸው። ስለ ዕዳ አንድም ፊደል አይጻፍም።

የደንበኞቻችሁን ቁጥር የያዛችሁ ሁሉ፣ ባለ ሱቅም ሁኑ ባለ ባንክ፣ ዕድርም ሁኑ ትምህርት ቤት፣ ነገ ጠዋት ለብዙ ሰው የምትልኩት ካለ፣ «ላክ» የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት በአንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ድምፅ፣ እንግዳ በተቀመጠበት ቤት፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ካሳፈራችሁ አትላኩት፤ ተነሥታችሁ ሂዱና ሰውየውን አነጋግሩት።